የጽሞና ጥግ

አማካሪዋ መምህርት የተገኘችው በትምህርት ቤቱ የኋላ ደረጃ ላይ በጀርባዋ ተዘርግታ ነው። ጭንቅላቷ ከታች ሲሚንቶው ላይ፣ እግሮቿ ከላይ አምስተኛው እርከን ላይ ነበሩ። የተማሪዎች የባሕርይ መዝገብ፣ ያ ሰማያዊ ልባስ ያለው ወፍራም ደብተር፣ ተዘግቶ በቀኝ እጇ ሥር በሥርዓት ተቀምጧል። ቀኑ ዓርብ ነው። ልጆቹ በዘጠኝ ሰዓት ተለቀዋል፤ ሽማግሌው ዘበኛ መብራት ሊያጠፉ ሲዞሩ ሬሳዋን ያዩት አሥር ሰዓት ላይ ነበር።

መርማሪዋ ከመኪናዋ ሳትወርድ ዳይሬክተሩ ፍርዱን ሰጥቶ ጨርሷል።

«አደጋ ነው» አላት። «ደረጃው ያንሸራትታል። ስንቴ ተናግሬአለሁ መሰለዎት!»

«ለማን ነው የተናገሩት?»

ትንሽ አሰበና «ለሁሉም» አለ።

ለሁሉም የተነገረ ለማንም እንዳልተነገረ መርማሪዋ ከልምድ ታውቃለች። በመሥሪያ ቤቷ «ወንፊት» ይሏታል። ምስጢር ስለምታፈስ እንዳይመስላችሁ፤ ከእሷ ምስጢር ከማውጣት ድንጋይ ጨምቆ ውሃ ማግኘት ይቀላል። የሰው ወሬ ሁሉ በእሷ በኩል ያልፋል፣ ጠጠሩ ግን እሷ ዘንድ ይቀራል። ሁለት ልጆች ብቻዋን ያሳደገች፣ ለሳቅ የማትቸኩል፣ ከሰው ይልቅ የሰውን እጅ የምታይ ሴት ናት።

ደረጃው ሥር ቁጢጥ አለች። የሚወርድ ሰው ሲያንሸራትተው እግሩ ቀድሞት ነው የሚሄደው፤ ራሱ ከላይ ይቀራል። ይህች ሴት ግን ጀርባዋን ለደረጃው፣ ፊቷን ለላይኛው ኮሪደር ሰጥታ ቆማ ነበር። ያነጋገረችው ሰው ነበረ ማለት ነው፤ ያም ሰው ከላይ ቆሞ ነበር። ደግሞስ ከደረጃ ላይ የወደቀ ደብተር መቼ ነው ተዘግቶ የሚቀመጠው? አንድ ሰው ወርዶ፣ ሬሳውን ተሻግሮ፣ መዝገቡን እዚያ አኑሮታል።

መዝገቡን ገለጠችው። ገጹ ሁሉ በአንድ ትንሽ፣ ጥርት ያለ እጅ የተጻፈ ነው። «ሰኞ፣ ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ፦ የጓደኛውን እርሳስ ሰበረ። ማክሰኞ፦ የራሱን እርሳስ ለጓደኛው ሰጠ።» «ረቡዕ፦ ሰልፍ ላይ ገፈተረች። ሐሙስ፦ ተራዋን ጠበቀች፤ ነግሬአታለሁ።» መቶ አርባ ገጽ እንዲህ ይቀጥላል። በየገጹ ግርጌ የዳይሬክተሩ ፊርማ አለ። መጨረሻው ገጽ ላይ ግን አንድ የአራተኛ ክፍል ልጅ ስም ተጽፎ ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ «ውሸታም ናት። በሰዎች ላይ ታሪክ ትፈጥራለች። ይህች ልጅ አትታመንም።» ፊደሉ ትንሽና ጥርት ያለ ለመሆን ሞክሯል። መርማሪዋ ስሙን በመዳፏ ሸፈነችው፤ ከዚያ መዝገቡን ጠቅልላ ብብቷ ሥር አደረገችው። ውስጡ ምን እንዳለ ለማንም አላሳየችም።

ዘበኛው በር ላይ ጠበቋት። ኮፍያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል።

«ልጄ፣ ጥፋት አጥፍቻለሁ» አሏት።

«ምን አጠፉ አባባ?»

«ነፍሷን ይማርና፣ ዛሬ ቀትር ላይ ይቺን ፖስታ ሰጥታኝ ነበር። ለሕፃናት ጥበቃ ቢሮ ቶሎ አድርስልኝ ብላኝ። እኔ ደግሞ ጉልበቴን አመመኝና ለሰኞ አልኩ።» ፖስታውን ከደረት ኪሳቸው አወጡ። ላቡ አርሶታል።

አማካሪዋ የጻፈችው አጭር ነበር። «ከአንድ ተማሪ የደረሰኝን ቃል በእጄ ገልብጬ ልኬአለሁ፤ የልጁ የእጅ ጽሑፍ እንዳይታወቅ ብዬ ነው። ነገሩን ዛሬ ራሴ አረጋግጬ የልጁንም የበዳዩንም ስም በአካል እነግራችኋለሁ።» ከታች የልጁ ቃል አለ፦

«መምህር፣ ስረብሽ ጨለማ ክፍል ያስገቡኛል። ይቆልፉና ይሄዳሉ። ብናገር ማንም እንደማያምነኝ ነግረውኛል። እባክዎ ስሜን አይናገሩ።»

መርማሪዋ ሁለቴ አነበበችው። አንድ ነገር ወዲያው ገባት፤ ሰኞ ጠዋት ይህ ልጅ ቦርሳውን አንግቶ ከቆለፈበት ሰው ጋር ወደ አንድ ግቢ ይገባል። ከሰኞ በፊት የቀራት ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው። በየቤቱ እየዞረች ልጆችን ብትጠይቅ ወሬው በአንድ ሰዓት ሰፈሩን ያዳርሳል፤ ገዳዩም የፈለገውን ስም በነፃ ያገኛል። አማካሪዋ ያን ስም እንደሸሸገች ሞታለች፤ ስለዚህ መርማሪዋ አንድም ልጅ ሳትጠይቅ ልትፈታው ወሰነች።

አማካሪዋ ነገሩን ለማረጋገጥ ብቻዋን መሄድ አልነበረባትም። ይህን ሌሎችን ያስተማረችው እሷው ራሷ ነበረች። መርማሪዋ ይህን ስታስብ ተናደደችባት፤ ከዚያም አዘነችላት።

ከዘጠኝ እስከ አሥር ሰዓት ግቢው ውስጥ የቀሩት ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ፦ ዳይሬክተሩ፣ የዲሲፕሊን ኃላፊውና የቤተ መጻሕፍቱ ሴት። በሩ አንድ ነው፣ በሩ ላይ ደግሞ ዘበኛው አሉ። ከኋላው ደረጃ ሥር ሦስት ክፍሎች አሉ፦ የኳስ ማስቀመጫው የዲሲፕሊን ኃላፊው፣ የአሮጌ ፈተናዎቹ የዳይሬክተሩ፣ የአሮጌ መጻሕፍቱ የቤተ መጻሕፍቱ ሴት። ሦስት በር፣ ሦስት ባለ ቁልፍ።

ቅዳሜ ጠዋት ከዳይሬክተሩ ጀመረች። ቢሮው ግድግዳ ላይ «ጸጥታ የሰፈነበት ትምህርት ቤት» የሚል የምስክር ወረቀት ተሰቅሏል፤ አጠገቡ ለሌላ የምስክር ወረቀት የተመታ ባዶ ምስማር አለ።

«ማክሰኞ ጎብኚዎች ይመጣሉ» አላት። «ለሌሎች አርአያ ተብለን ልንመረጥ ነው። ዱላ ካስቀረን ሦስት ዓመታችን። የሚረብሽ ልጅ ቤተ መጻሕፍት ወደ ጽሞና ጥግ ይላካል፤ ገብቶ ሲወጣ እንደ በግ ነው!»

«ሁሉም?»

«ሁሉም። ዝምታ ወርቅ ነው ይባል የለ?»

«አንድ ተማሪ ጨለማ ክፍል እንደሚቆለፍበት ለአማካሪዋ ጽፏል።»

ዳይሬክተሩ ፊቱ ተለዋወጠ። ወደ በሩ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እሱ ነው እንግዲህ። ሌላ ማን አለ? ያ የዲሲፕሊኑ ሰውዬ ድሮ አለንጋ ነበር የሚይዘው። ልጁ ማነው ግን? ቢነገረኝ ወላጆቹን በዘዴ አነጋግራቸው ነበር።»

«በዘዴ» አለች መርማሪዋ እየጻፈች። «መዝገቡ ላይ በየሳምንቱ ይፈርማሉ። ያነቡታል?»

ዳይሬክተሩ ስለ ሥራ ብዛት ረዘም ያለ ነገር ተናገረ። መልሱ አላነብም ነበር።

ትናንት ከዘጠኝ እስከ አሥር የት እንደነበር ስትጠይቀው ስልክ ላይ ነበርኩ አለ። ዘበኛው መሰከሩለት። «በሩ አጠገብ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ ስለነበር አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ጎብኚዎቹ ሲጮህ ሰምቻለሁ» አሏት። «ጆሮዬን ነው ያመመኝ።»

የዲሲፕሊን ኃላፊውን ልጆቹ «ነጎድጓድ» ይሉታል። ትከሻው ሰፊ፣ ድምፁ ወፍራም ነው፤ በሹክሹክታ ሲያወራ እንኳ ጎረቤት ይሰማል። እስከ ዘጠኝ ተኩል በር ላይ ልጆች ሲያሻግር እንደነበር፣ ከዚያ ሜዳው ላይ ኳስ ሲነፋ እንደቆየ ነገራት።

«ብቻዎን?»

«ከኳሶቹ ጋር።» አልሳቀም። «ምን እንደሚሉኝ አውቃለሁ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ነው። ልጅ መትቻለሁ፣ አልዋሽም፤ ከስድስት ዓመት በፊት። ያስተወችኝ እሷ ናት።»

«እንዴት አስተወችዎ?»

«ሥልጠና ሰጠችና ፈተነችኝ። ያጠፋ ልጅ መዝገብ ላይ ሲጻፍ ሥራው ነው የሚጻፈው፣ ልጁ አይሰደብም አለች። እኔ ‹ባለጌ ነው› ብዬ ጻፍኩ፤ መለሰችልኝ። ‹በጣም ባለጌ ነው› ብዬ አሻሻልኩት።» እዚህ ላይ ፈገግ ሊል ሞከረና ዓይኑ እንባ አቀረረ። «አሥራ አንዴ ነው ያስገለበጠችኝ። ‹ባለጌ ብትለው ባለጌ ሆኖ ይቀራል፤ ወንበር ገለበጠ ብትለው ነገ ወንበሩን ያነሣዋል› አለችኝ። ይኸው እስከ ዛሬ ወንበር አስነሣለሁ።»

«ሥልጠናውን ሁላችሁም ወስዳችኋል?»

«ከቤተ መጻሕፍቷ በቀር። የእኔ ልጆች ጨዋ ናቸው፣ አያስፈልገኝም ብላ ቀረች። ዳይሬክተሩም ፈቀደላት።»

መርማሪዋ ስለ ጨለማው ክፍል ነገረችው። ሰውየው ከወንበሩ ተነሣ፣ መልሶ ተቀመጠ። «ልጁ አሁን ደህና ነው?» አላት። ይህን ብቻ ነበር የጠየቀው።

ቤተ መጻሕፍቱ ፀሐይ የሞላው ሰፊ ክፍል ነው። በአንዱ ማዕዘን ለስላሳ ምንጣፍ፣ ሁለት ትራስና «የጽሞና ጥግ» የሚል በቀለም የተዋበ ጽሑፍ አለ። የቤተ መጻሕፍቱ ሴት በግቢው «እትዬ ለስላሳ» ናት። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም፤ ስትራመድ እንኳ አትሰማም።

«ነይ የኔ እናት፣ ተቀመጪ» አለቻት። «እንቅልፍም አልወሰደኝ። እንደ እህቴ ነበረች።»

«አሳዛኝ ነው። ትናንት ከዘጠኝ እስከ አሥር የት ነበሩ?»

«እዚሁ። መጻሕፍት ወደ ቦታቸው ስመልስ። የሰማሁት ነገር የለም።»

መርማሪዋ ምንጣፉን አየችው። ትራሶቹ አዲስ ናቸው፤ መካከላቸው እንኳ ሰው እንደተደገፈባቸው አልጎደጎደም። «ከታች ያለው የአሮጌ መጻሕፍት ክፍል ቁልፍ እርስዎ ዘንድ ነው?»

«ወይ ጉድ፣ ከጠፋ ዓመት አለፈው እኮ። ማን ይፈልገዋል ብለሽ ነው፣ አይጥና አቧራ።»

«አንድ ተማሪ ጨለማ ክፍል እንደሚቆለፍበት ለአማካሪዋ ጽፏል።»

እትዬ ለስላሳ ራሷን በሐዘን ነቀነቀች። «ምስኪን። ልጆች እኮ ትኩረት ሲያጡ የማይፈጥሩት ነገር የለም። ብቻ አደራ፣ አትቆጧት።»

የመርማሪዋ ብዕር አልቆመም። «አንቆጣም» አለችና ደብተሯን ዘጋች።

ደረጃውን ስትወርድ ቸኮለች። የኳሱ ክፍል ሰፊ መስኮት አለው፤ ጨለማ ሊሆን አይችልም። የፈተናዎቹ ክፍል እስከ ጣሪያ በወረቀት ተሞልቷል፤ ድመት እንኳ አያስገባም። የአሮጌ መጻሕፍቱ በር ተቆልፏል። ቁልፉ ዓመት የጠፋበት ቀዳዳ ግን ዙሪያው ያብረቀርቃል፤ በሩ ሲከፈት የሚጠርገው ወለልም ከአቧራ ንጹሕ ነው። ዘበኛውን ጠርታ በመሮ አስከፈተችው። ውስጡ መስኮት የለውም። አምፖሉ ተነቅሏል፤ ማብሪያው በውጭ በኩል ነው። በእጅ ባትሪዋ የበሩን ውስጠኛ ገጽ ከላይ ወደ ታች አየችው። ከወገቧ በታች፣ የልጅ እጅ በሚደርስበት ሁሉ፣ ቀለሙ በጥፍር ተፍቋል።

ዘበኛው አዩና ግድግዳውን ተደገፉ። «እኔ ደግሞ ለሰኞ አልኩ» አሉ። መርማሪዋ እጃቸውን ያዘቻቸው።

ስድስት ሰዓት ላይ ሁሉንም ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ዳይሬክተሩ ሰዓቱን ያያል። ነጎድጓድ ለልጅ በተሠራ ወንበር ላይ ተጣጥፎ ተቀምጧል። እትዬ ለስላሳ መሐረቧን ጨብጣለች። ዘበኛው በሩ ላይ ቆሙ።

«ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምር» አለች መርማሪዋ። «አማካሪዋ አላንሸራተታትም። ከላይ ከቆመ ሰው ጋር ፊት ለፊት ስታወራ ተገፍታ ወደ ኋላ ወደቀች። የገፋት ሰው ወርዶ መዝገቡን እጇ ሥር አስቀመጠ፤ እንዲገኝ ስለፈለገ ነው። ለምን? መጨረሻው ገጽ ላይ አንድ ነገር ስለጨመረበት።»

«ምን ጨመረ?» አለ ዳይሬክተሩ።

«አንድ ልጅ ውሸታም እንደሆነና እንደማይታመን። በዚያ መዝገብ መቶ አርባ ገጽ ውስጥ ሰበረ፣ ገፈተረች፣ ሰጠ፣ ጠበቀች የሚል እንጂ ባለጌ፣ ሰነፍ፣ ውሸታም የሚል አንድም ቃል የለም። አማካሪዋ ሥራን ትጽፋለች እንጂ ልጅን አትሰድብም። ኃላፊው ይህን አሥራ አንዴ በመገልበጥ ተምረዋል፤ ተኝተው እንኳ አይሳሳቱትም። ያን መስመር የጻፈው ሥልጠናውን ያልወሰደ ወይም መዝገቡን ከፍቶ የማያነብ ሰው ነው።»

ዳይሬክተሩ ቀላ። «እኔ ስልክ ላይ ነበርኩ!»

«ነበሩ። የአባባ ጆሮ ምስክር ነው። ወደ ልጁ ቃል እንሂድ። ‹ያስገቡኛል፣ ይቆልፉና ይሄዳሉ› ይላል። ይህን ስነግርዎ እርስዎ ‹እሱ ነው› ብለው ወደ ኃላፊው ጠቆሙ። ልጁ ግን በአክብሮት ነው የጻፈው። አክብሮት ደግሞ በቋንቋችን ወንድና ሴት አይለይም። ያስገቡኛል ወንድም ይሆናል፣ ሴትም ትሆናለች።»

እትዬ ለስላሳ መሐረቧን ማጠፍ ጀመረች።

«የጻፈውን ልጅ ማንነትም ቃሉ አይናገርም። ስረብሽ፣ ብናገር፣ ስሜን፤ ወንድ ልጅም ሴት ልጅም እንዲህ ነው የሚሉት። እኔም ለሦስታችሁ ‹አንድ ተማሪ ጽፏል› ብቻ አልኩ። ዳይሬክተሩ ‹ልጁ ማነው?› አሉኝ። ኃላፊው ‹ልጁ ደህና ነው?› አሉኝ። ሰው ያላወቀውን ልጅ ‹ልጁ› ነው የሚለው። አንድ ሰው ብቻ ‹አደራ፣ አትቆጧት› አለኝ።»

ማጠፉ ቆመ።

«ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው እትዬ። ሴት ልጅ መሆኗን ማን ነገረዎት? መዝገቡን ለማንም አላሳየሁም። መዝገቡ ላይ ውሸታም የተባለችውም ሴት ልጅ ናት። ይህን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ እኔና መስመሩን የጻፈው ሰው። ቁልፉ የጠፋበት ክፍልዎንም ከፍተን አይተነዋል። በሩ ከውስጥ በኩል በጥፍር ተቧጧል።»

«እትዬ…» አለ ዳይሬክተሩ፣ ነገሩን እንድታስተባብል የሚለምናት በሚመስል ድምፅ።

እሷ ቀና አለች። ድምፅዋ እንደ ወትሮው ለስላሳ ነው። «ዝም አሉ እኮ» አለች። «እናንተ ያቃቷችሁን ልጆች ዝም አሰኘሁላችሁ። ስትልኩልኝ ምን አድርገሽ ነው ብሎ የጠየቀኝ አለ? አንድ ሰው?»

ዳይሬክተሩ ሰዓቱን ማየት ትቶ ወለሉን አየ።

«ቁልፉን ስጪኝ አለችኝ። ማናት የነገረችሽ አልኳት። አልነግርሽም አለች። ሦስቴ ነው የጠየቅኳት፤ በደህና ቃል ነው የጠየቅኳት። ከዚያ ለጥበቃ ቢሮው ጽፌአለሁ ስትለኝ…» መሐረቡን ጭኗ ላይ አስተካከለችው። «ያቺን አራተኛ ክፍሏን ድሮም አልወዳትም። ስታይ ዓይኗን አትሰብርም። እሷ እንደምትሆን አውቄአለሁ።»

ነጎድጓድ ተነሣ። ትንሿ ወንበር አብራው ተነሣች፣ ወገቡ ላይ ተሰክታለች። በሌላ ቀን ቢሆን ሁሉም በሳቀ። ወንበሯን አውልቆ በቀስታ መሬት አስቀመጣትና ወጣ። ከውጭ ሲያለቅስ ተሰማ፤ እንዳልነው፣ ድምፁ አይደበቅም።

ሰኞ ጠዋት ዳይሬክተሩ በሰልፉ ፊት ደብዳቤውን ለጻፈው ጀግና ልጅ ሽልማት ልስጥ አለ። መርማሪዋ ማይክሮፎኑን ከእጁ ወሰደችና አጠፋችው። ለልጆቹ የተነገራቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጨለማው ክፍል ተዘግቷል፣ የቆለፈችው ሴትም ከእንግዲህ አትመጣም፤ የፈለገ ሁሉ ከሕፃናት ጥበቃ ቢሮ የመጣችውን ባለሙያ ማነጋገር ይችላል። ማንም ስሙን አይጠየቅም።

አራት ሰዓት ላይ ከባለሙያዋ በር ፊት አሥራ አንድ ልጆች ተሰልፈው ነበር። ዓይኗን የማትሰብረው የአራተኛ ክፍሏ ልጅ ዘጠነኛ ናት።

ፊተኛው የሁለተኛ ክፍል ልጅ ነው፤ ቦርሳው ከጀርባው ይሰፋል። መርማሪዋ እንዲገባ በሩን ስትከፍትለት ሳትጠይቀው ነገራት።

«ለመምህር የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለ።

መርማሪዋ ልጁን አየች፣ ከዚያ ዘጠነኛዋን አየች። ደብዳቤው የያቺ ልጅ አልነበረም። እትዬ ለስላሳ ከቆለፈችባቸው ከአሥራ አንዱ አንዷን መርጣ ጠልታ፣ ስሟን አጥፍታ፣ ሰው ገድላለች፤ ምርጫዋም ስህተት ነበር። ይህ ልጅ በሐሳቧ እንኳ አልመጣም።

ልጁ ድምፁን ቀነሰ። «መምህር የሞቱት እኔ ስለጻፍኩ ነው?»

መርማሪዋ በሃያ ዓመት ሥራዋ ብዙ ጥያቄ ጠይቃለች፤ እንዲህ ያለ ግን ተጠይቃ አታውቅም። በርከክ ብላ ቁመቷን ከቁመቱ አስተካከለች።

«አይደለም» አለችው። «የሞቱት አንድ ትልቅ ሰው ስለገፋቸው ነው። አንተ ያደረግከው መናገር ነው። መናገርህ ደግሞ ትክክል ነበር።»

ልጁ እውነት መሆኑን ከፊቷ ላይ ለማንበብ ረጅም ጊዜ ወሰደ። ከዚያ ዞረና ከኋላው ጣቷን እየነከሰች የምትጠብቀውን ትንሽ ልጅ ጠራት።

«ነይ» አላት። «ይሰሙናል።»

ሰልፉ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ተጠጋ።